የማይሳሳተው ማሽን

በ1979 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ጅማ በተለጠፈ ዕለት፣ አባቦራ ከሚኖሩበት ከየቡ በቡና መኪና ጭነት ላይ ተቀምጠው መጡ። ፊደል ስለማያውቁ የልጃቸውን የባህሪያን ውጤት ያነበበላቸው የሂሳብ አስተማሪዋ ከፈለ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበ። ሦስተኛውን በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«ሁሉም ኤፍ ነው» አለ። «ግን ይሄ የሷ ውጤት አይደለም። ይመኑኝ አባቦራ፣ አራት ዓመት አስተምሬያታለሁ።»

«ታዲያ የማን ነው?»

ከፈለ ጣቱን ወደሚቀጥለው ስም አወረደ። ከባህሪያ ቀጥሎ የተጻፈው የቀበሌያቸው ሊቀ መንበር ልጅ ቱሉ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከክፍል ሲጠፋ የኖረው ቱሉ አልፏል።

ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገቡ። «ያረመው ኮምፒውተር ነው» አላቸው። «ዘመድ የለው፣ ቂም የለው። አይሳሳትም።»

አባቦራ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። ዳኛ ቢሆን ይግባኝ ይሉበታል። ካድሬም ቢሆን ሽማግሌ ይልኩበታል። ማሽን ዘንድ ማን ይላካል?

ከባህሪያ ሌላ ተስፋ አልቀራቸውም። ታላቅ ወንድሟ ጀማለዲን ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤው ከቆመ ዓመት። ደብዳቤው የቆመ ሰሞን እናቱ ኩልሱም ግራ ጎኗ ከዳት፣ አንደበቷም ተያዘ። ባህሪያ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር፣ አክስቷ ቤት ማደሯን ትታ በየቀኑ ከየቡ መመላለስ ጀመረች። ኩልሱም ከሌላ ሰው እጅ አትጎርስማ። አክስቷ ሀዋ ሞከረች፤ አባቦራም ሞከሩ። ጥርሷን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ልጅቷ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ጦሟን ትውላለች።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አዲስ አበባ ገብተሽ ሐኪም ሆነሽ እናትሽን ታድኛታለሽ» ይሏት ነበር አባቦራ።

«እሺ አባ» ትላለች። አባቷን እምቢ ብላ አታውቅም።

ለፈተናው ሁለት እርሳስ ገዙላት። ያለቀ ዕለት ደጅ ቆመው ጠበቋት። «እንዴት ነበር?»

«አልከበደኝም» አለች። እርሳሶቹን ለጎረቤት ልጆች ሰጠቻቸው፤ ልጆቹም ለአዲስ እርሳስ ሲሻሙ አመሹ።

አሁን ውጤቱን ሲነግሯት አላለቀሰችም። የእናቷን ትራስ እያስተካከለች፣ «አላህ ያለው ነው አባ፣ ይተዉት» አለች።

«ወላሂ አልተወውም!»

ከፈለም አልተወም። ዩኒቨርሲቲ ሳለ አንድ መንፈቅ ኮምፒውተር ተምሯል። «ያኔ ትእዛዙን ካርድ እየበሳን ነበር የምንሰጠው» አላቸው። «አንዲት ነጠላ ሰረዝ ዘልዬ ሦስት ቀን ሙሉ የእብድ መልስ ሲመልስልኝ ሰነበተ። ማሽኑ ባይሳሳት የሚያዘው ሰው ይሳሳታል።»

«የልጄን መልስ በምኑ ያነበዋል?»

«ማንበብ የት ይችላል? ተማሪው መልሱ ያለበትን ክብ በእርሳስ ያጠቁራል። ማሽኑ ብርሃን ያሳርፍበታል፤ ጥቁር ካገኘ ይቆጥራል፣ ካላገኘ ዜሮ ነው። ወይ የሷን ቁጥር ከቱሉ ጋር አምታቶታል፣ ወይ እርሳሱ ፈዞበታል።»

አባቦራ ራሳቸውን ያዙ። «ያ ረቢ! ርካሹን እርሳስ የገዛሁት እኔ!»

ከፈለ አቤቱታ ጻፈ። ሦስት ወር ጠበቁ፤ መልስ የለም። ወረዳ ሄዱ፣ አውራጃ ሄዱ። ሁሉም ዘንድ መልሱ አንድ ነው፤ «ማሽን ነው፣ ምን እናድርግልዎ?» ለአዲስ አበባ የይለፍ ወረቀት የሚፈርመው ደግሞ የቱሉ አባት ነው። አራት ጊዜ አመላልሶ ፈረመላቸው። ዓይናቸውን አላየም።

ባህሪያ አብራቸው እንድትሄድ ለመኗት።

«ማን ያጎርሳታል?» አለች።

አባቦራና ከፈለ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ሰኮሩ ኬላ ላይ ቆሞ ሁሉም ወርዶ ተፈተሸ። አባቦራ የአቤቱታውን ግልባጭ ደረታቸው ላይ ይዘው ቆሙ። ወታደሩ ገልጦ አየና መለሰላቸው፤ ምንነቱን እንኳን አልጠየቀም።

ፈተናውን የሚያርመው መሥሪያ ቤት ውስጥ የተቀበለቻቸው ትርፌ የምትባል የመዝገብ ሠራተኛ ነበረች። «አባባ፣ ከጅማ ድረስ ለዚህ? ኮምፒውተሩ እኮ...»

«አይሳሳትም» ብለው ጨረሱላት። «ሰምቻለሁ ልጄ። እስቲ ልየው።»

አሳዘኗት። መተላለፊያው መጨረሻ ያለው መስታወት ድረስ ወሰደቻቸው። ከመስታወቱ ወዲያ ቁም ሣጥን የሚያህሉ ብረቶች ያጉረመርማሉ። አንዲት ወጣት ወረቀት በወረቀት ላይ እያከታተለች ታጎርሰዋለች፤ እሱም ይውጣል። አባቦራ ሰላምታ ሊሰጡ ከንፈራቸው ተላወሰ፣ ወዲያው አፈሩ። ሦስት ወር ሙሉ ያጠኑት ልመና ነበራቸው፤ የሚሰማው ጆሮ የቱ ጋ እንደሆነ ቢፈልጉ አጡት። እጃቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው ቆሙ።

«የመልስ ወረቀቶቹ ገና አልተቃጠሉም» አለች ትርፌ ድምፅዋን ቀንሳ። «ቁጥሯን ስጡኝ፤ በዓይናችን እንያቸው።»

ከፈለ የአባቦራን ትከሻ ያዘ። «አላልኩዎትም? አሁን ይለያል!»

ትርፌ ከአንድ ሰዓት በኋላ አምስት ወረቀቶች ይዛ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ከፈለ አየ፤ ከዚያ ፊቱን አዞረ።

«ምን ይላል? አንብብልኝ እንጂ!» አሉ አባቦራ፤ ከዚያ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አዩ።

ከአምስቱም ወረቀቶች አናት ላይ የባህሪያ ስምና ቁጥር በእስክሪብቶ፣ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል፤ ከሥር በተደረደሩት ክቦች ውስጥ ግን አንድም የጠቆረ አልነበረም።