የኋላ መቀመጫ

ታየች ወደ ሰሜን የዘመተው ባሏ ትቶት የሄደውን ትንሽ ሞተር ሳይክል ከቁስቋም ቁልቁል እየገፋች አዲሱ ገበያ፣ ጋሽ መሸሻ ጋራዥ አደረሰችው። ባትሪው ሞቶ ነበር። ሽማግሌው መካኒክ የባትሪውን ውሃ አዩ፤ ገመዶቹን አንድ በአንድ ፈተሹ። ከዚያ ሞተሩን ረግጠው አስነሡትና ነዳጅ ሲሰጡት የፊት መብራቱ ፈካ።

«ቻርጅ ያደርጋል፤ ምንም አልሆነም» አሉ ግራ ተጋብተው። «ማነው የሚነዳው?»

«ማንም። እሱ ከዘመተ ወዲህ ከግቢ አልወጣም።»

«ታዲያ ባትሪውን ምን በላው?»

ታየች ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ክላክሱ ነው መሰለኝ፣ ጋሼ። ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ክላክስ ያደርግልኝ ነበር። አሁን ማታ ማታ ቤቱ ጭር ሲልብኝ... እኔው አደርገዋለሁ።»

ጋሽ መሸሻ መፍቻቸውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ፤ ከጠራም በኋላ መጥረጋቸውን አልተዉም።

«የባልሽን ወሬ ሰምተሻል?»

«ምንም አልሰማሁም።»

«ስሚኝ ልጄ፣ ሞተሩ ካልሠራ ባትሪው አይሞላም። መንዳት አለብሽ። በይ ውጪበት፣ ላሳይሽ።»

ታየች ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። የተቀመጠችው ግን ከኋላ፣ ሁልጊዜ ባሏን አቅፋ በምትቀመጥበት ቦታ ላይ ነበር። እጆቿ የሚይዙት ጀርባ አጥተው ጭኗ ላይ ወደቁ።

«ወደ ፊት ጠጋ በይ» አሏት ቀስ ብለው።

ከፊቷ ያለውን ባዶ መቀመጫ በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ ተንፏቃ በእሱ ቦታ ተቀመጠች።