ሦስተኛው ጧፍ

ዳኒጻ በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በኮቶር ግንብ ውስጥ ባለችው ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ቆማ ዓይኗን ከአማቷ እጅ አልነቀለችም። አሮጊቷ ሁልጊዜ የሚያበሩት ሁለት ጧፍ ነበር፤ ዛሬ ግን ሦስት ይዘዋል። አንዱን ለሟች ባላቸው ብለው የሙታን ጧፍ በሚተከልበት በታችኛው አሸዋ ላይ ተከሉ። ሁለተኛውን ባሕር ላይ ላለው ልጃቸው፣ ለዳኒጻ ባል፣ ከላይ ከሕያዋን ጧፎች ጋር አቆሙ። ሦስተኛውን ሲያበሩ ምራታቸውን በጎን አዩአትና ጎንበስ ብለው ከሙታኑ መሀል ሰኩት።

የዳኒጻ ደም ፈላ። ካህኑ እንዳይሰማት ጠጋ አለችና «በቁሜ ሊቀብሩኝ ነው? ይሄ ጧፍ የኔ አይደል?» አለች።

«አንቺን ደግሞ ምን ይገድልሻል!» አሉ አሮጊቷ፣ ሳላቸውን በሻርፓቸው ጫፍ አፍነው። «የራሴ ነው። ስሞት እንደማታበሪልኝ ስለማውቅ ካሁኑ አበራሁ።»

ዳኒጻ ዝቅ ብላ ጧፉን ከነእሳቱ ነቀለችና ከላይ፣ ከባሏ ጧፍ አጠገብ ተከለችው፤ እንዳይወድቅም አሸዋውን በጣቷ ዙሪያውን ጠቀጠቀች።

«እርስዎ ገና ብዙ ያንገበግቡኛል» አለች።