ሠላሳ ፊርማ

ሠላሳ በጎ ፈቃደኛ ካልተገኘ የዘንድሮው ውድድር ወደ ሌላ ክልል ይሄዳል ተብሏል። የክልሉ ቼስ ማኅበር ሰብሳቢ ጨነቀው። እሱው ቼስ ያስተማረው ጸሐፊው ልዑልሰገድ ግን፣ «ጋሼ፣ እርስዎን ማን እምቢ ይላል?» ብሎ ስምና ፊርማ ብቻ የሚሞላበት ወረቀት ሰጠው።

ሰብሳቢው ቤት ለቤት እየዞረ አባላቱን አስፈረመ። «አንተ ካልክማ ሳላነብ ነው የምፈርመው!» አለው አንዱ እየሳቀ።

በስብሰባው ዕለት የስፖርት ቢሮው ኃላፊ ወረቀቱን ይዘው ተነሡ። ከላዩ ሰብሳቢው አይቶት የማያውቅ ደብዳቤ ተያይዞበታል።

«ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ጋር የተያያዘው አባላት ሰብሳቢው ከኃላፊነት እንዲነሣልን እንጠይቃለን» ብለው አነበቡ። «ፊርማውን ያሰባሰበው ማነው?»

ልዑልሰገድ አንገቱን ሰበር አድርጎ ቆመ።

«ጋሼ ራሳቸው ናቸው።»