የአላምረው ኪስ

አምና በኅዳር ሚካኤል፣ ዕድርተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጋሼ መንበሩ «አንተ ደግሞ ምን ሥራ አለህ? ተገትሮ መዋል ብቻ!» ያሉትን አላምረው አልረሳውም።

የስልክ ማማዎቹ ከቀሩ ወዲህ ድምፅ የሚሄደው ከሰው ኪስ ወደ ሰው ኪስ፣ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ነው። የላይ ሰፈርንና የታች ሰፈርን የሚያገናኘው ደግሞ ጉብታው ላይ የሚኖረው የአላምረው ኪስ ብቻ ነው። እሱ ንቅንቅ ካለ ሁሉም ዲዳ ይሆናል። ስለዚህ ገበያውንም ለቅሶውንም የምትደርስለት ሚስቱ ናት፤ የገዛ እህቱን ሠርግ እንኳ የበላው በአገልግል ተልኮለት ነው።

ዛሬ ጋሼ መንበሩ ላይ ሰፈር፣ ከጉብታው አጠገብ ካለው ደጃቸው ሆነው፣ ታች ሰፈር የወለደች ልጃቸውን በስልክ «ስሙን ማን አላችሁት?» ሲሏት ሰማ። ዱላውን አነሳና መንገድ ጀመረ።

«ሃሎ! ሃሎ! አንተ አላምረው፣ ወዴት ነው? ስሙን ልትነግረኝ ስትል እኮ ነው የተቆረጠው! ኧረ ተገተርልኝ፣ በሞቴ!»

አላምረው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋደመና ቁልቁል ወደ ገበያው ወረደ።