ወደ ጎሮ የሄዱት ነጥቦች

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የወይብ ወንዝ ሞልቶ የመልካ ዲማን ቤቶች ጠራርጎ ወሰደ። ማስጠንቀቂያው ግን ጎርፉ ከመድረሱ ቀደም ብሎ ለመንደሩ ስልኮች ሁሉ ደርሶ ነበር።

የላከው የአደጋ መከላከል ሠራተኛው አቤሴሎም ነው፣ ሮቤ ካለው ቢሮው ሆኖ። ማስጠንቀቂያውን የሚልከው መሣሪያ ለሙከራ የተተከለ ነው፤ ድምፁ የጠፋ ስልክ እንኳ ያስጮኻል፣ እያንዳንዱ ስልክ የት እንዳለም ካርታ ላይ በነጥብ ያሳያል። አቤሴሎም መልዕክቱን ልኮ ካርታውን ሊከፍት ሲል መብራት ጠፋ።

ተነሣ። ተቀመጠ። እንደገና ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ተራራው በደመና ተሸፍኗል።

«ኧረ አንድ ቦታ እረፍ» አለችው ባልደረባው ሳምራዊት። «የመልካ ዲማ ሰዎች ይሻላሉ፤ መብራት ስላልገባላቸው ጠፋ ብለው አይናደዱም።»

«ባይሰሙስ?»

«ያንን ጩኸት? ሙት ይቀሰቅሳል እኮ።»

ስልኩ ጠራ። ብርድ ልብስና ዱቄት ጭኖ የወጣው የቢሮው ሾፌር ኡመር ነው።

«አቤሴ፣ መገንጠያው ላይ ቆሜያለሁ። ወደ ወንዙ ልውረድ ወይስ ወደ ጎሮ?»

«ጋሽ ኡመር፣ ትንሽ ይታገሡኝ።»

«እኔስ እታገሣለሁ፤ ውሃው ነው እንጂ የማይታገሠው።»

መብራት መጣ። ኮምፒውተሩ እስኪነሣ አቤሴሎም ጠረጴዛውን በጣቶቹ ሲደበድብ ቆየ። ካርታው ተከፈተ። መልካ ዲማ ላይ አንድም ነጥብ የለም። ነጥቦቹ በሙሉ ጎሮ ከተማ፣ ገበያው አጠገብ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ይታያሉ።

«ወጥተዋል» አለ። «ሁሉም ጎሮ ገብተዋል። ጋሽ ኡመር፣ ወደዚያው ይሂዱ።»

«መንደሩን አንዴ አየት አድርጌ ብመለስስ? የማይንቀሳቀስ ሽማግሌ አይጠፋም።»

«ማንም የለም አልኩዎት እኮ። መንገዱ ከተቆረጠ እርስዎም እዚያው ይቀራሉ።»

«አልሐምዱሊላህ። እንዳልክ ይሁን።»

ሞተሩ ሲነሣ በስልኩ ተሰማ። አቤሴሎም ወዲያው ለአለቃው ደውሎ የመንደሩ ሰው በሙሉ መትረፉን ነገረው። ጎርፉ መንደሩን መታ የሚለው ወሬ ሲመጣ እንኳ አልደነገጠም።

«አሁንስ ትቀመጣለህ?» አለች ሳምራዊት።

ተቀመጠ።

ኡመር ጎሮ ሲደርስ ስልኮቹን ያለ ባለቤቶቻቸው አገኛቸው፤ ጃለታ የሚባል የመንደሩ ሰው፣ እንደ ወትሮው በገበያ ቀን ጠዋት ከየቤቱ በዘንቢል ሰብስቦ አምጥቶ፣ ቻርጅ ቤት ሰክቷቸው ነበር።