ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ

የትርንጎ የሙከራ ጊዜ በሚያልቅበት ቀን የጫማ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ምትኩ ቢሯቸው አስጠሯት። የቋሚነት ደብዳቤዋን ፈርመው፣ ማኅተም አድርገው ሰጧትና ሌላ ወረቀት አስከተሉ።

«ይቺን ደግሞ በምስክርነት ፈርሚልኝ።»

ወረቀቱ፣ አብራት የተቀጠረችውና ከጎኗ የምትሰፋው ዘነበች ለሥራው ብቁ ባለመሆኗ ተሰናብታለች ይላል።

«እጇ እኮ ከእኔ ይፈጥናል» አለች ትርንጎ።

«እርጉዝ ናት! ዛሬ ሐኪም ቤት፣ ነገ የወሊድ ፈቃድ ልትለኝ ነው። በሙከራ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት መብቴ ነው።»

«መብትዎ ሥራውን ካልቻለች ነው። እርግዝና ደግሞ ሥራ አለመቻል አይደለም። አልፈርምም!»

«ዛሬ ቋሚ ሆነሽ ዛሬውኑ ልትደፍሪኝ?»

ትርንጎ ደብዳቤዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያም ከተቀጠረች ጀምሮ ሥራ ቦታ አውልቃው የማታውቀውን ሰፊ ጋዋን ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታች።

«ያንን ወረቀት ይቅደዱትና ዘነበችን ያስጠሯት» አለች ቀጥ ብላ ቆማ። «እሷ ገና አራት ወሯ ነው፤ እኔ ስድስተኛዬን ይዣለሁ።»