ቆላ ወርዳ ታውቃለች?

«ልጅቷ ቆላ ወርዳ ታውቃለች?» ይላሉ የጤና ቢሮው ኃላፊ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

ማይኩ እኔ እጅ ላይ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስልሳ የምንሆን ሰዎች ተቀምጠናል፤ አብዛኞቻችን ሐኪሞችና ነርሶች ነን። ያሰባሰቡን ዶክተር ኃይለኪሮስ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ በየስብሰባው እየዞሩ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። ከተማዋ እየሞቀች ነው፤ የወባ ትንኝም ሙቀቱን ተከትላ ወደ ደጋው እየወጣች ነው፤ ወባን የቆላ በሽታ ነው ብለን የምንተውበት ጊዜ አልፏል። ዛሬ የሚጠይቁትም ግልጽ ነው። ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ፣ የወባ ምርመራ ይደረግለት።

ኃይለኪሮስ ግማሽ ሰዓት ካርታና ግራፍ አሳዩ። ኃላፊው ስልካቸውን ሲነካኩ ቆይተው ቀና ያሉት እኔ የሪሀናን ጉዳይ ሳነሳ ነው። ከአያት ኮንዶሚኒየም ጀርባ የምትኖር የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። በተበተነው ወረቀት ላይ ስሟ የለም፤ «ታማሚ ቁጥር አራት» ነው የሚላት።

«ወርዳ አታውቅም» እላለሁ።

«ቤተሰቦቿ የወሎ ሰዎች ናቸው ተብሏል እኮ። ለበዓል ባቲ ወርደው ከዚያ ይዛው መጥታ ይሆናላ። እንዲህ ባለ ነገር መመሪያ አይለወጥም፣ እህቴ።»

አባቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። አቶ ሐሩን ይባላሉ፤ ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ለመንገደኛ ሻንጣ ይሸጣሉ። እዚህ የመጡት ኃይለኪሮስ ለምነዋቸው ነው። ማይኩን ወስጄ እሰጣቸዋለሁ። ከልጅቷ ሞት ወዲህ ፊት ለፊት ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው። ቆመው ይጨብጡኛል። እጄ እንደ ደነዘዘ እግር ነው፤ ሲጨብጡኝ አያለሁ እንጂ አይሰማኝም።

«አልወረደችም» ይላሉ ለኃላፊው። «ልጄ ከለገጣፎ ወዲያ ሄዳ አታውቅም። እናቷ ሰኪና እንኳ ካገባኋት ወዲህ ወሎ የሄደችው ሁለቴ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ሪሀና ገና አልተወለደችም ነበር።» ቀጥለውም፣ «ጤና ጣቢያም ይኸንኑ ጠይቀውኛል» ይላሉ።

«ማን ነው የጠየቀዎት?» ይላሉ ኃላፊው።

አቶ ሐሩን ወደ እኔ አይዞሩም።

«ጠይቀውኛል፣ በቃ።»

ሊሸፍኑኝ ነው። ይኼ ሲገባኝ የሆነ ነገር ሊሰማኝ ይገባ ነበር፤ ምንም የለም።

«እኔ ነኝ የጠየቅኳቸው» እላለሁ። ያለ ማይክ ስለሆነ ከኋላ አልሰሙም፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ እደግመዋለሁ። «ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ። የመመርመሪያው ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ከቆላ ለመጡ ብቻ ነው የምንጠቀምበት። ቆላ ወርዳ ታውቃለች ወይ አልኩ። አታውቅም አሉኝ። የታይፎይድ መድኃኒት አዝዤ ሸኘኋት። ሐሙስ ራሷን ስታ ይዘዋት መጡ።»

የሌላ ሰው ሪፖርት የማነብ ይመስላል። ኃይለኪሮስ በእጃቸው ያለውን ወረቀት ዝቅ ያደርጋሉ። ይህን አልነገርኳቸውም ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው «ባለሙያው» የሚል ቃል ብቻ ነው፤ የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

አቶ ሐሩን አሁንም እንደቆሙ ናቸው።

«ሲስተር» ይላሉ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰኪና በየቀኑ ስለምትጠይቀኝ ነው። ያን ቀን ‹አዎ፣ ባቲ ከርማ ነው የመጣችው› ብዬሽ ቢሆን ኖሮ ትመረምሪያት ነበር?»

«ይኼ እንኳ የዚህ መድረክ ጉዳይ…» ብለው ይጀምሩና ኃላፊው ይተዉታል።

የምለው ብዙ አለኝ። መመሪያው፣ ያን ጠዋት የነበረው ሰልፍ፣ ብትመረመርም መትረፏ እርግጥ አለመሆኑ። ኃይለኪሮስ በዓይናቸው ተይ ይሉኛል።

«አዎ» እላለሁ። «እዚያው፣ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ።»

«መድኃኒቱስ?»

«ነበረን።»

ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሰዓት ጠይቆ እንደተነገረው ሰው።

«እኔ እኮ እውነቱን ነበር የነገርኩሽ።»

«አውቃለሁ፣ አቶ ሐሩን።»

ኃላፊው መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው ያወርዳሉ። ወረቀቱን ገልጠው፣ የመጀመሪያውን ገጽ አሁን ገና ያነቡታል። ካነበቡ በኋላ በምሥራቁ በኩል ባሉት ጤና ጣቢያዎች ምርመራው ለሦስት ወር ሊሞከር እንደሚችል፣ ለበላዮቻቸው እንደሚያቀርቡት ይናገራሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ደግሞ በጽሑፍ መጠየቅሽ አይቀርም» ይላሉ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ።

«እሺ» እላለሁ። ማንም አያጨበጭብም።

ከአዳራሹ ቀኝ በኩል አንዲት ሴት ትነሳለች። ማዕዛ ናት፤ ሌላ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ከስብሰባ ስብሰባ ሰላም እንባባላለን እንጂ ብዙም አንተዋወቅም።

«እኔም ጠይቄ ሳልመረምር መልሻለሁ» ትላለች። «ወንድ ልጅ ነው፣ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ወደየት እንደወሰዱት አላውቅም።»

ትቀመጣለች። ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ሐኪም የወንበሩን ጠርዝ ተደግፎ መነሳት ይጀምራል።

አቶ ሐሩን ቁጭ ይሉና፣ አጠገባቸው ካለው ወንበር ላይ ጃኬታቸውን አንስተው ጉልበታቸው ላይ ያደርጉታል። መጀመሪያ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ ሄጄ ክፍት በሆነው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።